አያቴ ከካሴት ቤት እስከ ላውንደሪ ያልተጫኑት ቀይ ቁልፍ

ላይብረሪው እሺ አለ! ኢሜይሉን የከፈትኩት በምሳ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ውስጥ ነበር፤ ስጮህ ጓደኛዬ ደንግጣ ጁሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትንሿን የስብሰባ ክፍል ይሰጡናል፤ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠውን ማሽናቸውንም እንድንጠቀምበት ፈቅደዋል። የጻፍኩላቸው ነገር ቀላል ነበር፦ አያቴ በሰባዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ካሴት ቤት ሠርተዋል፤ እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራና ዴንቨር ባሉ የሀበሻ ቤቶች ደግሞ በየመሳቢያው የማይጫወት ካሴት ተቀምጧል፤ አንድ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ ብትሰጡን ሁለቱን እናገናኛቸዋለን አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። እሺ አሉ!

ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤታችን ወደ ግሪን ቫሊ ራንች አልሄድኩም። አባቴን ቴክስት አደረግኩና በአውቶቡስ ፒዮሪያ ስትሪት፣ እማማ አፓርታማ ሄድኩ። አያቴን እማማ ነው የምላቸው፤ ስማቸው ለተብርሃን ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ።

«እማማ! ክፍሉን ሰጡን!»

«የምን ክፍል?»

«የላይብረሪውን! ሰዎች ካሴታቸውን ያመጣሉ፣ እርስዎ ይጠግኑላቸዋል፣ ከዚያ እንቀዳዋለን።»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጠገኑን እጠግናለሁ። መቅዳቱን ግን አልቀዳም።»

«ለምን?»

«የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ አልጫንም። ከተውኩት ቆየሁ።»

«እማማ፣ ይሄኛውኮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቁልፍ የለውም፤ ማውሱን ክሊክ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ክሊክ የሚደረገው ምን ዓይነት ነው? ቀይ ነው?»

የላይብረሪው ሠራተኛ የላከችልኝን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። መሀል ላይ ክብ ነገር አለች። ቀይ ናት።

«ይኸው» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

እማማ ጡረታ የወጡት ሰኔ ላይ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ላውንደሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው ኬክ ተቆረሰላቸው፤ ካርድ ተፈረመላቸው። ደመወዙ ያው ለኪራይና ለእኛ የልደት ስጦታ የሚበቃ ነበር፤ የጡረታውን ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የነበረ ሥራ» የሚል ቦታ ነበር፤ እሳቸው «ተይው፣ አይገባቸውም» አሉኝ። እኔም ለካ ምንም አላውቅም ነበር። ካሴት ቤት መሥራታቸውን እንጂ ምን እንደሠሩ፣ ለምን እንደተዉት ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ ቀዩን ቁልፍ እምቢ ባሉ ቀን ደብተር አወጣሁና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ሥራ ነው፤ የእኔ መጻፉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር አረሙኝ። «በሰባዎቹ ነው አይደል?» ስላቸው «የምን ሰባዎቹ? ስልሳዎቹ እንጂ!» አሉ። እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እሳቸው በኛ። «እሺ እማማ፣ የርስዎ ስልሳዎቹ የኔ ሰባዎቹ ናቸው» ብዬ ታረቅን።

የተወለዱት አስመራ ነው። ትምህርታቸውን በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛ ሲጽፉ ከአባቴ ይበልጣሉ፤ ይሄን አባቴም ያምናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አዲስ አበባ፣ አክስታቸው ዘንድ መጡና ፒያሳ አንድ ሸክላ ቤት ተቀጠሩ። ሸክላ ማለት ያ ጥቁሩ ክብ ነው፤ በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን። የእማማ ሥራ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መሸጥና ማጫወት ነበር። ሸክላ ሲመለስላቸው መስኮቱ ጋ ይዘውት ሄደው በብርሃኑ ላይ ያጋድሉታል፤ ጭረቱ እንደ ፀጉር ብልጭ ይላል። በጣት መንካት የለም፤ የሚያዘው በመዳፍ፣ በጠርዙ ነው። ይሄን ሲያሳዩኝ የወጥ ሰሃን ነበር የያዙት፤ ሰሃኑን እንኳ በጠርዙ ነው የሚይዙት!

የሱቁ ባለቤት ከበሩ በላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ነበር። አዲስ ሸክላ ሲመጣ እማማን «አጫውቺና ውጭውን እዪ» ይላቸዋል። ሰው ቆሞ ቢሰማ ምንም ማለት አይደለም፤ ሥራ ፈት ሁልጊዜ ይቆማል። የታክሲ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ከሰማ ግን ያ ዘፈን ተሸጠ ማለት ነው። ያኔ ኦርጋን ገባ፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ገባ፤ ጊታሩን እንደ ሰው «ዋይ ዋይ» የሚያሰኝ በእግር የሚረገጥ ነገርም መጣ። እሱ የመጣ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሸክላቸውን ይዘው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ ታሟል።»

«ምኑ ነው አባቴ?»

«ያቃስታል።»

እማማ አጫወቱላቸው። «ጊታሩ ነው አባቴ፤ ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት።»

«ሆን ብለው?» አሉ ሽማግሌው። ትንሽ ቆሙና «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ሦስቴ ሰምተው ያንኑ ሸክላ በብብታቸው አድርገው ወጡ።

ከዚያ ካሴት መጣ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ የልጅ መጫወቻ ነው አለ። ግን ዘመኑ ተለወጠ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰው ማታ ማታ ባንድ ወደሚጫወትበት መሄድ ሲያቅተው ሙዚቃውን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ። ሸክላ ቀስ በቀስ ወደ ጀርባ መደርደሪያ ገባ። ከሱቁ ኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ጸድታ ስድስት ቴፕ ተደረደረባት፤ እማማም ከባንኮኒ ወደዚያች ክፍል ተዛወሩ። የክፍሏ አለቃ ጋሽ ይልማ ነበሩ።

ስለ ጋሽ ይልማ ሲያወሩ እማማ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ አጠገብ ያሉ ይመስል። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሁልጊዜ ግራጫ ጋውን ይለብሳሉ። ጠዋት ሲገቡ ማንንም ሰላም አይሉም፤ መጀመሪያ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ይጠቀልላሉ፣ አልኮል ያስነኩታል፣ በየቴፑ ውስጥ ድምፁን የምታነበውን ትንሽ ብረት ይጠርጋሉ። ስድስቱንም ከጨረሱ በኋላ ዘወር ብለው «እንዴት አደርሽ ለተ» ይላሉ። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ ትንፋሽ እርጥብ ነው። የተቀዳ ካሴት ከእጃቸው ሲወጣ የመጀመሪያውን ዘፈን ሳይሆን የመጨረሻውን ነው የሚያዳምጡት። ሁሉም መጀመሪያው ላይ ይጠነቀቃል፤ ሲደክመው ምን እንደሠራ መጨረሻው ላይ ይታያል ይሉ ነበር። መቅዳት ማለት ደግሞ ዛሬ እኛ እንደምንልከው በሁለት ሰከንድ አይደለም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ዘፈኑ እየዘፈነ፣ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ።

ያኔ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ደንበኛ ያገለገለ ካሴት ከቤቱ ያመጣና በላዩ ላይ አዲስ ዘፈን ያስቀዳበታል። ጋሽ ይልማ እንዲህ ዓይነቱን ካሴት ሲቀበሉ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ምን አለበት?» አይሉም። «ማን አለበት?» ነው የሚሉት። ሰው ቴፕ ሲገዛ መጀመሪያ የሚቀዳው ቤተሰቡን ነዋ! የሕፃን ወሬ፣ ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ሰላምታ፣ የአያት ተረት። ደንበኛው «ኧረ ማንም የለበትም» ቢላቸውም ሁለቱንም ፊት ያዳምጣሉ። ቀዩን ቁልፍ የሚጫኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ የነገሩኝን በራሳቸው አፍ ልጻፈው።

«የበዓል ዋዜማ ነበር። ሰው እስከ በሩ ተሰልፏል። ጋሽ ይልማ ባለቤቱ ጠርቷቸው ወጥተዋል፤ ክፍሏ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሦስት ያገለገሉ ካሴቶች አመጣ። እህቴን ልድር ነው፣ በአዳዲስ ዘፈን ሙሉልኝ አለ። እሺ አልኩት። ከሦስቱ አንዱ ጥርሱ ተሰብሯል። ካሴት ከጀርባው ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለው፤ ሲሰበር ቀዩ ቁልፍ አልጫን ይላል። የሚሰብረው 'ይሄን አትንኩብኝ' የሚል ሰው ነው። እኔ ይሄን አውቃለሁ። እያወቅኩ፣ ሰልፉን አየሁና ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። መጀመሪያውን ትንሽ ሰማሁ፤ አሮጌ ዘፈን ነው። ማን አለበት ብዬ አልጠየቅኩም። ተጫንኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከሰርጉ በኋላ እናትየዋ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት ታሞ ተኝቶ ሳለ ለሴት ልጁ ምርቃቱን ካሴት ላይ አስቀርጾ ነበር፤ በሰርጓ ቀን ልትሰማው። እናት ጥርሱን ሰብራ አስቀመጠችው፤ ለልጇ ድንገተኛ እንዲሆን ለማንም አልነገረችም። ወንድ ልጇ ደግሞ ቤት ያገኘውን አሮጌ ካሴት ሰብስቦ ለኔ አመጣ። በሰርጉ መሀል ተነሥታ 'አሁን አባታችሁን ስሙ' አለች። ቴፑ ተከፈተ። ዘፈን ነበር። ጭፈራ።»

«ጮኸችብዎት?»

«ምነው በጮኸች። ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና 'ከታች የለም?' አለችኝ። ግድግዳ በላዩ ላይ ሲቀባ የድሮው ቀለም ከሥር እንደሚቀር ሁሉ የባሏ ድምፅ ከዘፈኑ ሥር ያለ መስሏታል። 'በደንብ ቢሰሙት ከታች የለም?' ጋሽ ይልማ ወንበር አምጥተው አስቀመጧት። ካሴቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለቱንም ፊት፣ አብረዋት አዳመጡ። እንደሌለ ያውቃሉ። ግን እኔ 'የለም' ብዬ እንድልካት አልፈቀዱም። እሷ ራሷ 'ይበቃል' እስክትል ድረስ ሰሙላት።»

ጋሽ ይልማ እማማን አልተቆጡም፤ ባለቤቱ ሊያባርራቸው ሲልም ከለከሉ። «ጠይቀሻል?» ብቻ አሏቸው። «አልጠየቅኩም» አሉ እማማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያንን ቁልፍ ነክተው አያውቁም። የተበጠሰ የካሴት ክር ይቀጥላሉ፣ የተጠላለፈ ይፈታሉ፣ መለያ ይጽፋሉ። ሲቀዳ ግን ከክፍሏ ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ሥራ መቀየር ብቻ ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ሥራ ነው የሚመስለኝ። ከአገር ወጥተው ካርቱም ሳሉ፣ ገበያ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ጠጋኝ ቴፕ ሲፈታ እማማ ክር ይጠግኑለት ነበር፤ በአሸዋ አገር ካሴት ማጽዳት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የተማርኩት ይላሉ። እዚህ መጥተው ላውንደሪ ሲገቡ አለቃቸው አንዲት ቁጡ ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን እማማ «ሦስተኛው ማድረቂያ ይታመማል» አሏት። ሴትየዋ ከፈተች፣ አየች፣ ምንም የለም። «ድምፁ ተለውጧል፤ ሲዞር አንዴ ይዘገያል» አሉ እማማ። ከሁለት ቀን በኋላ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቴክኒሻን ከመጥራቷ በፊት እማማን እየጠራች ከየማሽኑ ፊት ታቆማቸው ነበር አሉ። «እንደ ሐኪም!» እያሉ ሲነግሩኝ ሳቃቸው አላስወራቸው አለ።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወሬው ተሰማ፤ ሰው የተበጠሰ ካሴት በፌስታል እያመጣ ፒዮሪያ ስትሪት በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ። ይጠግናሉ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ያጫውታሉ፣ ያመጣው ሰው ሰምቶ አልቅሶ ወይም ስቆ ይሄዳል። «ቅዱልኝ» ካላቸው ግን «እሱን ሌላ ሰው ጋ» ነው መልሱ።

እንግዲህ ላይብረሪው እሺ ሲለኝ እሳቸው እምቢ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ሰምቼ ስጨርስ ልለምናቸው አፈርኩ። «በቃ እኔ እጫናለሁ፤ እርስዎ ይጠግኑ» አልኳቸው። ተስማማን። የተስማማን መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። አባቴ ላይብረሪው በር ላይ አወረደንና ፓርክ ሊያደርግ ሄደ። እማማ ዕቃቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፦ ጥጥ፣ አልኮል፣ ምላጭ፣ ቢክ እስክሪብቶ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም። የመጀመሪያው እንግዳ አቶ ጎይቶም ሆኑ። ፓርክ ሂል ነው የሚኖሩት፤ ብዙ ዓመት ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ሻትል ነድተዋል። ከእማማ ጋር በቤተ ክርስቲያን ይተዋወቃሉ።

«ወይዘሮ ለተብርሃን፣ እዚህም ልብስ ያጥባሉ እንዴ?» አሉ አልኮሉን አይተው።

«የርስዎን ኮት ካመጡልኝ አጥባለሁ፤ ከስንት ጊዜው ነው ይሄ?»

አቶ ጎይቶም ሳቁና ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አወጡ። እማማ ከፍተው አዩት። ሳቃቸው ቆመ።

«የት ነበር ይሄ?»

«መኪና ውስጥ። ዳሽቦርዱ ውስጥ። ብቻዬን ስነዳ እሰማት ነበር። ኋላ የገዛሁት መኪና ካሴት ማጫወቻ የለውም፤ እሱ ዳሽቦርድ ውስጥ ከትቼ ተውኳት።»

«ስንት በጋ?»

አቶ ጎይቶም በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ተዉት። እማማ ክሩን በእስክሪብቶው ትንሽ አዞሩት፤ ነጩ ወረቀት ላይ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። ድምፁ ያለው እዚያ ዱቄት ላይ ነው። በኮሎራዶ ፀሐይ ተቀቅሏል። «አንዴ ይጫወት ይሆናል» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «ሁለቴ አይጫወትም። እሷም አንዴ ካለች ነው።»

«እንግዲያው አንዴውን ይቅዱልኝ።»

«የምትቀዳው ይቺ ልጄ ናት።»

«አይ፣ እርስዎ ካልቀዱት መልሼ እወስደዋለሁ።»

እማማ እጃቸውን ከካሴቱ ላይ አነሡ። ከዚያ ለኔ በሦስት ቀን የነገሩኝን ለእሳቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገሯቸው። «እኔ የሰው አባት ድምፅ አጥፍቻለሁ። ለልጁ የተቀመጠ ምርቃት ነበር። ይህን ሳያውቁ እንዳይሰጡኝ።»

አቶ ጎይቶም መሐረባቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። «ታዲያ ከርስዎ በላይ ማን ይጠነቀቅልኛል? ስልኳን እያየች ለምትሮጥ ልጅ ልስጣት?» አሉ ወደኔ እያዩ።

«ሄይ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እማማ ካሴቱን አዩት። መልሰው አነሡትና «ማን አለበት?» አሉ።

«ምፅላል አለችበት» አሉ አቶ ጎይቶም። ባለቤታቸው ናቸው፤ ባለፈው ዓመት በበረዶው ሰሞን ያረፉት። «ያልተጋባን ጊዜ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር አንድ ሆቴል ያለ ባንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር የሚጫወተው። ዘፋኟ ታማ ቀረች፤ ምፅላል ግቢ ተባለች፤ አንዲት ዘፈን ዘፈነች። እኔ ቴፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ባንዱ አለ። ወንበር የሚጎትት አንድ ባለጌ አለ። እኔም አለሁ፤ መጨረሻው ላይ ከሁሉ በላይ የማጨበጭበው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሌላ የላትም።»

እማማ ካሴቱን ፈቱት፤ ክሩን ወደ ሌላ ደህና የካሴት ቀፎ አዛወሩት። ከዚያ በእስክሪብቶው ሙሉውን ክር በእጃቸው ማዞር ጀመሩ፤ የተጣበቀው እንዲላቀቅ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ! አቶ ጎይቶም ቁጭ ብለው ያያሉ፤ እኔ ስልኬን አንዴም አላወጣሁም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። የማሽኑን ብረት በጥጥ ጠረጉ። ካሴቱን አስገቡ። ማውሱን ያዙ፤ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ዝንብ ዞረች። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ «ተይ» አሉ።

ተጫኑት።

መጀመሪያ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ። ብርጭቆ። ወንበር (ባለጌው!)። ከዚያ ኦርጋን፣ ከዚያ ሴት። ድምፃቸው እንደጠበቅኩት ቀጭን አልነበረም፤ ወፍራምና ትንሽ የሚፈራ፣ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ግን የማይፈራ። አቶ ጎይቶም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ማሽኑን እንጂ ሰውዬውን አላዩም፤ ጣታቸው ማቆሚያው ላይ ነበር፣ ጆሯቸው ወደ ካሴቱ ዘንበል ብሏል።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ክሩ ጮኸ። እኔ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ እማማ አቁመውታል። ሲያወጡት ክሩ ተበጥሷል፤ ከመበጠሱም አጠገብ ያለው አንድ ስንዝር ያህል ተፈርፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ። አንድ ስንዝር ክር አራት ሰከንድ ግድም ነው።

እማማ አልተደበቁም። «አቶ ጎይቶም፣ አንድ ስንዝር ጠፋ። አይመለስም» አሉ። «የቀረውን ቀጥዬ ላጫውት፣ ወይስ እዚህ ላይ ይብቃ?»

አቶ ጎይቶም ዓይናቸውን ገለጡ። «እዚያች ጋ ነው የተበጠሰው? ኦርጋኑ ዝም ካለበት?»

«አዎ።»

«እሷ ራሷ የጨመረቻት ናት» አሉ። «የዘፈኑ አይደለችም። እኔን እያየች ነው ያለቻት።» ከዚያ፣ ላይብረሪው ውስጥ፣ ጮክ ብሎ ማውራት በማይፈቀድበት ቦታ፣ ዘፈኗት። ድምፃቸው ይሰባበራል፤ ዜማውን ግን አልሳቱም። «በሩ ጋ አትቁም፣ ግባ፣ የምዘፍነው ላንተ ነው» የምትል ናት። ያቺን ብቻ።

ስክሪኑን አየሁት። እማማ ማቆሚያውን የተጫኑት ካሴት ማጫወቻው ላይ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። ቀይዋ አሁንም ትበራለች፤ የኮምፒውተሩ ማይክም ክፍት ነበርና ሁሉንም ቀድታለች፤ ጩኸቱን፣ የእማማን «አይመለስም»፣ የሽማግሌውን ዘፈን። ለእማማ በዓይኔ አመለከትኳቸው። አዩት፤ አላቆሙትም። ክሩን በምላጭ ቆርጠው፣ በጥፍር ቀለም አጣብቀው፣ እስኪደርቅ እፍ ሳይሉበት ጠበቁ። ከዚያ አጫወቱት። ምፅላል ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ጨረሱ፤ አንድ ሰው አዳራሹን በጭብጨባ ደበደበው።

በኋላ ፋይሉ ለሰሚ እንዲያምር መሀሉን ልቆርጥ ፈልጌ ነበር። ወሬው፣ ዝምታው፣ የጥፍር ቀለሙ ጠርሙስ ሲከፈት ሁሉ አለበት። እማማ «እንዳትነኪው» አሉኝ። አቶ ጎይቶምም እንደዚያው ይዘውት ሄዱ፤ እሷ፣ እሳቸው፣ እንደገና እሷ። ሲወጡ የእማማን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ አሉ፤ እማማም ዝቅ አሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ከፊት ተቀመጡ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን አባቴ «እንዴት ነበር?» አላቸው።

«አንድ ስንዝር አጠፋሁ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «የቀረውን ግን ቀዳሁት» አሉ። መብራቱ ሲለቅ ወደኔ ዘወር አሉ። «ሌላ ሰው ካለ ይምጣ በያቸው፣ ሰሊ። ጻፊላቸው።»

ይኸው ጻፍኩላችሁ። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማና እኔ ላይብረሪው ውስጥ ነን። መሳቢያ ውስጥ ያለውን አምጡ፤ ጋራዥ ውስጥ ያለውን አምጡ፤ መኪና ውስጥ ያለ ካለ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ አውጡትና ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ይሠራ እንደሆን ልሞክረው ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳታጫውቱት። ስትመጡ ደግሞ ብቻችሁን አትምጡ። ድምፁን የሚያውቀውን ሰው፣ አባታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ኑ። ካሴት የሌላችሁም ኑ፤ ወንበር ሞልቷል። ክሩ ቢበጠስ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚል የሚያስታውስ ሰው እንፈልጋለን።